የዲ ኤንድ ዲን ደንብ ወስደን የራሳችንን ጀብዱ መሸጥ እንችላለን?

ጥያቄው ከዚሁ ከጅማ ነው። ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ዳይስ እየወረወሩ ታሪክ የሚጫወቱበት ጨዋታ) አብረው የሚጫወቱ አራት ጓደኛሞች በጊቤ መንግሥታት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ምናባዊ ጀብዱ ጽፈዋል፤ ስልሳ ገጽ ገደማ ሆኗል። በፒዲኤፍ ኢንተርኔት ላይ ሊሸጡት፣ ጥቂት ኮፒ ደግሞ እዚሁ አሳትመው ሊያከፋፍሉት አስበዋል። የጻፉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ደንቡ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አንዱ ጓደኛችን ኦጂኤል የሚባል ነፃ ፈቃድ አለ፣ እሱን መጨረሻ ገጽ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው ይላል። ሌላው ኦጂኤል በ2023 ተሰርዟል፣ ብትነኩት ይከሷችኋል ይላል። ማነው ልክ? የእኛን ጽሑፍስ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ምን እናድርግ?» ሦስት ናሙና ገጽም አያይዘዋል።

የምሠራው የቅጂ መብት ውል ላይ ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ እኔም ዳይስ እወረውራለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ ደስ ብሎኛል።

ሁለቱም ጓደኞቻችሁ ልክ አይደሉም። መሸጥ ትችላላችሁ። ለማንም ደብዳቤ መጻፍ፣ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። ኦጂኤልም አልተሰረዘም፤ ግን ለእናንተ የሚሻለው እሱ አይደለም። የሚሻለው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ክፍት ፈቃድ ነው፣ በተለይ «ሲሲ ባይ 4.0»፦ ስማችንን እስከጠራችሁ ድረስ ተጠቀሙበት የሚለው። ችግሩ እሱም ቢሆን ስልሳውን ገጽ ሙሉ አይሸፍንላችሁም። ፈቃድ ከመምረጣችሁ በፊት የጻፋችሁትን ሦስት ቦታ ለዩት፦ የማንም ያልሆነ፣ የእነሱ የሆነ፣ የእናንተ የሆነ። ይሄን ሳትለዩ የትኛውንም ፈቃድ ብትለጥፉ ወረቀት ማባከን ነው።

የማንም ያልሆነው ከምታስቡት በላይ ሰፊ ነው። ባለ 20 ፊት ዳይስ ወርውሮ ቁጥር መደመር፣ ከተቃራኒው የመከላከያ ቁጥር ጋር ማወዳደር፣ በየደረጃው እየጠነከሩ መሄድ... ይሄ ዘዴ ነው፣ ዘዴ ደግሞ የቅጂ መብት የለውም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 5 ላይ ሐሳብ፣ ሥርዓት፣ የአሠራር ዘዴ ጥበቃ እንደማያገኙ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥም ያው ነው፣ ከ1879ቱ የቤከርና የሰልደን ክስ ጀምሮ። ገበጣን ውሰዱ። ገበጣ የሚጫወት ሰው ለማንም አይከፍልም። ነገር ግን አንድ ሰው የገበጣን አጨዋወት በራሱ ቃል፣ በራሱ ምሳሌ አሳምሮ ጽፎ መጽሐፍ ቢያወጣ፣ ያንን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ መሸጥ አይቻልም። ጨዋታው የሁሉም፣ ጽሑፉ የጸሐፊው።

ስለዚህ ኩባንያው፣ ማለትም ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ የያዘው ደንቡን አይደለም። የያዘው የደንቡን አጻጻፍ፣ የፈጠራቸውን ፍጡሮችና ዓለሞች፣ ሥዕሎቹን፣ ከዚያ ደግሞ የንግድ ምልክቱን ነው። ፈቃድ የሚያስፈልጋችሁ እነዚህን ስትነኩ ነው። እንግዲህ ኦጂኤል ለምን ኖረ ትሉ ይሆናል። ዘዴው የት አልቆ አጻጻፉ የት እንደሚጀምር ፍርድ ቤት ሄዶ መከራከር ገንዘብ ይበላል፣ ትንሽ አሳታሚ ደግሞ ያ ገንዘብ የለውም። ፈቃዱ የሸጠው ነገር ቢኖር የአእምሮ ሰላም ነው።

ታሪኩን ትንሽ ላውራው፣ ምክንያቱም የሁለቱ ጓደኞቻችሁ ጭቅጭቅ ከዚህ የመጣ ነው። ኦጂኤል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፣ ከጨዋታው ሦስተኛ እትም ጋር። ከኋላው የነበረው ሰው ያኔ እዚያ ይሠራ የነበረው ራያን ዳንሲ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ጀብዱ መጻፍ ልፋቱ ብዙ፣ ትርፉ ትንሽ ነው። ሌሎች ይጻፉት፤ በጻፉ ቁጥር ዋናውን መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ይበዛል። ለዚህ ሲባል የደንቡን አንድ ክፍል ለብቻው አውጥተው ኤስአርዲ የሚባል ሰነድ አደረጉት፣ ማንም እንዲጠቀምበት። ሠራላቸውም። ኋላ በ2008 አራተኛው እትም ሲመጣ ግን ጠበቅ ያለ ሌላ ፈቃድ ይዘው መጡ። ፓይዞ የተባለው አሳታሚ አልፈረመም፤ የድሮውን ኤስአርዲ ይዞ በ2009 ፓዝፋይንደር የተባለ የራሱን ጨዋታ አወጣ። የዊዛርድስን ደንብ ይዞ፣ በዊዛርድስ ፈቃድ፣ የዊዛርድስ ዋና ተፎካካሪ ሆነ። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ይሄን አይቶ እንቅልፍ ይወስደዋል?

ጃንዋሪ 2023 ላይ አዲስ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ፣ ኦጂኤል 1.1። የድሮው ፈቃድ፣ ማለትም 1.0ኤ፣ ከእንግዲህ የተፈቀደ አይደለም ይላል። በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ ሪፖርት ያድርግ፣ ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ ከትርፉ ሳይሆን ከገቢው ከዚያ በላይ ካለው 25 በመቶ ይክፈል ይላል። ሰው አበደ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ፈቃድ እንጀራቸውን ሲበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የሕግ ቀዳዳው ምን መሰላችሁ፦ የድሮው ፈቃድ «ዘላቂ» ነው ይላል እንጂ «የማይሻር» ነው አይልም። በዚያ ላይ አንቀጽ 9 «የተፈቀደ» ማንኛውንም እትም ተጠቀሙ ስለሚል፣ ዊዛርድስ ይሄኛውን ከተፈቀዱት አውጥቼዋለሁ ለማለት ሞከረ። ያስኬደዋል ወይ የሚለው ፍርድ ቤት አልደረሰም። ምክንያቱም ወሩ ሳያልቅ፣ ጃንዋሪ 27 ላይ፣ ኩባንያው እጁን ሰጠ። 1.0ኤን አንነካውም አለ፤ የአምስተኛውን እትም ደንብ የያዘውን፣ ከ400 ገጽ በላይ የሆነውን ኤስአርዲ 5.1ንም እንዳለ በሲሲ ባይ 4.0 ለቀቀው። በ2025 ደግሞ የታደሰውን ደንብ የያዘው ኤስአርዲ 5.2 በዚያው ፈቃድ ወጣ።

ሲሲ ባይ የማይሻር ነው፣ በግልጽ ተጽፏል። ፈቃዱን ያረቀቀው ዊዛርድስ አይደለም፤ ነገ ቢቆጨውም አይቀይረውም። ለዚህ ነው ወደ እሱ ሂዱ የምላችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው የማያየው። ኦጂኤል ውል ነው፣ ውል ደግሞ ይሰጣችኋል፣ ይወስድባችኋልም። ሕጉ የሚፈቅድላችሁን ነገር በገዛ ፊርማችሁ ትተዋላችሁ። ለምሳሌ የኩባንያው መለያ ተብለው የተዘረዘሩ ስሞችን አልነካም ትላላችሁ፣ ምርቴ ከእገሌ ምልክት ጋር ይስማማል ብዬ አልጽፍም ትላላችሁ። የፈቃዱን ሙሉ ጽሑፍ ማያያዝ፣ አንቀጽ 15 ላይ የተጠቀማችሁበትን ሁሉ የቅጂ መብት ሰንሰለት መደርደር አለ። ሲሲ ባይ የሚጠይቀው አንድ አንቀጽ ምስጋናና፣ ለውጥ ካለ፣ ያንን መግለጽ ነው። ሁለቱን ደግሞ አንድ መጽሐፍ ላይ አትደባልቁ፤ የትኛው ገጽ በየትኛው እንደሚተዳደር እናንተም ይጠፋችኋል።

አሁን ወደ ገጾቻችሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጅቡ አለ። ሌሊት ሰው፣ ቀን ጅብ የሚሆነው ባላንጣ። ቁጥሮቹን ከኤስአርዲው የጅብ ሳጥን (የፍጡሩ አቅም በቁጥር ከተጻፈበት) ወስዳችሁ ጥንካሬውን ከፍ አድርጋችኋል፣ ከዚያ ወደ አማርኛ መልሳችኋል። ይሄ ጥሩ ነው። ጅብ ኤስአርዲው ውስጥ አለ፣ መተርጎምም ማሻሻልም ተፈቅዷል። ታሪኩ፣ ከየት መጣ፣ ለምን ወደ ገበያ ይወርዳል፣ ማን ያውቀዋል፣ ይሄ ሁሉ የእናንተ ነው። በጣም ወድጄዋለሁ በነገራችን ላይ፤ በተለይ በመጨረሻ ተራ ላይ በስሙ ሲጠሩት የሚሸነፍበትን ደንብ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ችግር አለ። ቦዬ ረግረጉ ሥር ዋሻ ውስጥ የተቀመጠው አለቃ ማይንድ ፍሌየር ነው። እሱን አውጡት። ማይንድ ፍሌየር፣ ቢሆልደር፣ ዩዋን ቲ፣ ጊትያንኪ... እነዚህ ዊዛርድስ ሆን ብሎ ኤስአርዲው ውስጥ ሳያስገባ ለራሱ ያስቀራቸው ፍጡሮች ናቸው። ስሙን በአማርኛ «አእምሮ በላ» ብላችሁታል፣ ግን የኦክቶፐስ ፊቱም፣ ቁጥሮቹም፣ አበላሉም ያው ስለሆነ መጋረጃው ስስ ነው። አእምሮ የሚበላ ጭራቅ ማሰብ ግን ማንም አልከለከለም። ቦዬ ላይ ጉማሬ አለላችሁ እኮ! ከውኃው የሚወጣ፣ የሰውን ትዝታ የሚውጥ፣ ጉማሬ የሚመስል ነገር ፍጠሩ። ፊቱም ስሙም ጠባዩም የራሳችሁ ይሁን። ከተዋሳችሁት የተሻለ ያስፈራል።

ሦስተኛው የድግምት ዝርዝሩ ነው። እዚህ ላይ ከየት እንደተረጎማችሁ ወዲያው ያስታውቃል። «የሜልፍ የአሲድ ቀስት» ብላችኋል፣ «የቢግቢ እጅ» ብላችኋል። ሜልፍና ቢግቢ የኩባንያው ገጸ ባሕርያት ናቸው። ኤስአርዲ 5.1 ውስጥ ያው ድግምት አለ፣ ግን ስሙ ተቆርጧል፦ የአሲድ ቀስት፣ የምትሐት እጅ። ማለትም የተረጎማችሁት ከሚሸጠው የተጫዋች መጽሐፍ ነው፣ ከኤስአርዲው አይደለም። ስሙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የገለጻው ዓረፍተ ነገርም ሊለያይ ስለሚችል ኤስአርዲውን ከፍታችሁ ከዚያ እንደ አዲስ ተርጉሙት። ይሄ አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ቡና አፍሉና አንድ ከሰዓት ተቀመጡበት።

የቀሩትን ሃምሳ ምናምን ገጾችም እንደዚሁ። የኤስአርዲውን ፒዲኤፍ ከፍታችሁ ስሙን ፈልጉ፤ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። በተለይ የገጸ ባሕርይ አፈጣጠሩን ተጠንቀቁ። ኤስአርዲ 5.1 ውስጥ ለእያንዳንዱ ክላስ (የገጸ ባሕርይው ሙያ) አንድ ንዑስ ክላስ ብቻ ነው ያለው። ለተዋጊው ቻምፒዮን አለ፣ ባትል ማስተር የለም። የኋላ ታሪክ የሚባለውም አኮላይት አንድ ብቻ ነው፣ ልዩ ችሎታም ግራፕለር አንድ ብቻ። 5.2 ትንሽ ጨመር አድርጓል። ከዚያ የወጣ ነገር ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ፍጠሩ። የቡና ነጋዴ፣ የሲራራ መሪ፣ የገዳ ሽማግሌ ልጅ... እዚህ አገር ተቀምጦ የኋላ ታሪክ መዋስ ያሳፍራል።

የምስጋና አንቀጹ ላይ ፈጠራ አያስፈልግም። ኤስአርዲው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ራሱ ዊዛርድስ ያዘጋጀው አንቀጽ አለ፤ በእንግሊዝኛ እንዳለ ቅዱት፣ ከሥሩ አማርኛውን ጨምሩ። ቀጥሎ «ተተርጉሟል፣ ተሻሽሏል» ብላችሁ ጻፉ፣ ፈቃዱ ለውጥ ካለ ይገለጽ ይላልና። ከዚያ ውጭ የዊዛርድስን ስም አታንሱ፣ ይሄንንም እዚያው ጠይቀዋል። ሽፋኑ ላይ «ከአምስተኛው እትም ጋር ይስማማል» ማለት ትችላላችሁ፤ እሱን በግልጽ ፈቅደዋል። የማትችሉት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚለውን ስም ትልቅ አድርጎ ሽፋን ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም የዘንዶውን አርማ መጠቀም ነው። ሲሲ ባይ የንግድ ምልክትን አይነካም፣ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። አንቀጹን ረስታችሁ ብትሸጡ ፈቃዱ በራሱ ይቋረጣል፤ ካወቃችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከላችሁት ግን በራሱ ይመለሳል። ስለዚህ አትደንግጡ፣ ግን አትዘናጉ።

ይከሱናል ወይ ላላችሁት፦ ጅማ ድረስ ጠበቃ የሚልክ ያለ አይመስለኝም። የሚሆነው ሌላ ነው። አንድ ቅሬታ ለኢንተርኔቱ ሱቅ ይደርሳል፣ ሱቁ ፋይላችሁን ያወርደዋል፣ አካውንታችሁም ከዚያ በኋላ በዓይነ ቁራኛ ይታያል። ልፋታችሁን ለመግደል እሱ ይበቃል።

ዲኤምስ ጊልድ በሚባለው፣ ከዊዛርድስ ጋር በሚሠራው የኢንተርኔት ሱቅ ላይ ሽጡት የሚላችሁም አይጠፋም። እዚያ የዊዛርድስን ዓለሞችና ፍጡሮች ጭምር መጠቀም ይቻላል፣ ማይንድ ፍሌየሩንም። ግን ለጸሐፊው የሚደርሰው 50 በመቶ ነው፣ የሸጣችሁትንም ሌላ ቦታ መሸጥ አትችሉም። ዓለሙን ራሳችሁ ለፈጠራችሁ ሰዎች ይሄ ኪሳራ ነው።

የራሳችሁን ሥራ ስለመጠበቅ። መጀመሪያ፣ የጻፋችሁት ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ በአዋጁ የተጠበቀ ነው። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሲሲ ባይ መጠቀማችሁም የእናንተን ክፍል እንድትከፍቱ አያስገድድም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ የሚያስገድደው «ሼር አላይክ» የተጨመረበት ነው። ምንም ሳትከፍቱ «መብቱ የተጠበቀ ነው» ብላችሁ መሸጥ ትችላላችሁ።

እኔ ግን ግማሹን ክፈቱት እላለሁ። ያቺ የቡና ደንባችሁ አለች አይደል፣ ተጓዦቹ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው አቦል ላይ ቁስል የሚያገግሙበት፣ ቶና ላይ ያጡትን ድግምት የሚመልሱበት፣ በረካ ላይ ደግሞ ለነገ አንድ ምርቃት የሚይዙበት፣ በረካ ሳይደርስ የተነሣ ሰው ምርቃቱ የሚያመልጠው? እሷን ለብቻ አራት አምስት ገጽ ሰነድ አድርጋችሁ በሲሲ ባይ ልቀቋት። ሐዋሳም ይሁን ባሕር ዳር ያለ ቡድን ይጠቀምባታል፣ በተጠቀመ ቁጥር ስማችሁን ይጽፋል። ዘዴው ራሱ ጥበቃ ስለሌለው ደብቃችሁ የምታተርፉት ብዙም የለም። ዓለሙን፣ ገጸ ባሕርያቱን፣ ካርታውን፣ ሥዕሉን ግን ለራሳችሁ አስቀሩ። ሰው የሚገዛችሁ ለእሱ ነው። ዊዛርድስም ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ደንቡን ከፍቶ ዓለሞቹንና ገጸ ባሕርያቱን ቆለፈባቸው።

«ለንግድ አይውልም» የሚለውን ዓይነት ፈቃድ ደንቧ ላይ እንዳታደርጉ። ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን አንዱ ተማሪ የእናንተን ደንብ ተጠቅሞ ለወረቀት ዋጋ ብቻ ቢሸጥ ንግድ ነው አይደለም የሚለው ያከራክራል። ጠንቃቃው ሰው ፈርቶ ይተወዋል፣ ግድ የሌለው ደግሞ ፈቃዳችሁን አያነበውም። የከለከላችሁት ጨዋውን ብቻ ይሆናል።

ኦርክ የሚባል ፈቃድም ሰምታችሁ ይሆናል። ከ2023ቱ ግርግር በኋላ ፓይዞ አስጀምሮት የመጣ ነው፣ ፓዝፋይንደርም አሁን በእሱ ነው የሚወጣው። አሠራሩ ቆንጆ ነው፦ ደንብ የሆነው ሁሉ በራሱ ይከፈታል፣ ስምና ታሪክና ሥዕል በራሱ ይጠበቃል፣ ደንባችሁን የወሰደ ሰው የራሱንም ጭማሪ ደንብ ይከፍታል። ደንቡን ከባዶ ብትጽፉ ኖሮ እሱን እመክራችሁ ነበር። የዊዛርድስን ኤስአርዲ ይዛችሁ ሳለ ግን ነገር ማወሳሰብ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። አባ ጅፋር በታሪክ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ታሪካቸው የማንም ንብረት አይደለም፤ የአንድን ታሪክ ጸሐፊ አንቀጽ ገልብጦ ማስገባት ግን ሌላ ነው። ከሽማግሌ የሰማችሁትን ተረት በራሳችሁ ቃል ጻፉት፣ ሌላ ሰው ሰብስቦ ካሳተመው መጽሐፍ አትቅዱ። የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ከኢንተርኔት አትለቅሙ፤ ጅሬን ባጃጅ ተሳፍሮ መሄድ ነው፣ ራሳችሁ አንሱ። ፊደሉ ላይ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ተጠቀሙ፣ ሁለቱም ክፍት የፎንት ፈቃድ ያላቸው ናቸው፣ መጽሐፍ አትሞ መሸጥ ይቻላል።

ሥዕሎቹን የሳለላችሁ ልጅ ከአራታችሁ ውጭ ከሆነ የሥዕሉ ባለቤት ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይ፣ ምሳ መጋበዝ ውል አይተካም። አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፦ ለምን፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት ብር። እናንተም አራታችሁ እንደዚሁ። ማን ምን ጻፈ፣ ገቢው እንዴት ይከፋፈላል፣ አንዱ ቢወጣ ዓለሙን ይዞ ይሄዳል ወይስ ይቀራል፣ ደንቧን በሲሲ ባይ ለመልቀቅ ሁላችሁም ተስማምታችኋል ወይ። የመጨረሻው የግድ ነው፤ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስምና አንዱ ኋላ «እኔ አልተስማማሁም» ቢል መውጫ የለውም። ከዊዛርድስ ይልቅ እኔ የምፈራላችሁ ይሄንን ነው። ጓደኛሞች የሚጣሉት መጽሐፉ መሸጥ ሲጀምር ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የምስጋናውን አንቀጽና «ይሄ ክፍት ነው፣ ያኛው የእኛ ነው» የሚለውን ማስታወሻ ሽፋኑ ጀርባ ላይ አስገቡት፣ ለብቻው ገጽ አትስጡት። ኮፒ ቤቶቹ ወረቀት ለመቆጠብ የመግቢያ ገጽ ዘለው ያትማሉ፣ ሽፋን ግን አይዘሉም። የተስተካከለውን የድግምት ዝርዝር ከፈለጋችሁ ላኩልኝ፣ አየዋለሁ። ጉማሬውንም ላኩት።